ይቆዩኝ አባ፣ ኔትወርኩ ጠፋ

ጉም ነበር። ከሮብ ገበያ ወደ አባቴ ቤት የሚያወጣውን ዳገት ስወጣ ከሦስት እርምጃ በላይ አይታየኝም ነበር። እግሬ መንገዱን ስለሚያውቀው ሄድኩ እንጂ ዐይኔስ ምንም አልረዳኝም። እህቴ ከሞተች ሦስተኛ ወሯ ነበር።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ስቃረብ የተማሪዎቹ ድምፅ ከጉሙ ውስጥ መጣ። አባቴ የዜማ መምህር ናቸው። ተማሪዎቻቸውም፣ አገሬውም የኔታ ይሏቸዋል። በዚያ ሰዓት ከዚያ ጎጆ የሚመጣው ድምፅ ምን እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አንዱ በግእዝ ይጀምራል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። የዚያን ቀን ግን የሰማሁት አማርኛ ነበር።

«አባ፣ ይስሙኝ። ኪኒኑ ከምግብ በኋላ ነው። ከምግብ በፊት አይደለም። ይቆዩኝ አባ፣ ኔትወርኩ ጠፋ።»

ከዚያ ዝም አሉ። ጉሙም አብሯቸው ዝም ያለ መሰለኝ። ቆይተው ሁሉም በአንድ ድምፅ፣

«እሺ፣ መጣ» አሉ።

ቆምኩ። ድምፁ የሃያ ልጆች ነው፣ ቃሉ ግን የእህቴ ነው። ትንፋሿን የምትስብበት ቦታ፣ «አይደለም» ስትል ድምፅዋን የምታነሣበት ሁኔታ፣ ሁሉም አለ። ከጉሙ ውስጥ ሃያ ቦታ ተከፋፍላ የምትናገር መሰለኝ። ወደየትኛው ልሂድ?

ከዚህ መጀመር አልነበረብኝም መሰለኝ። ወደ ኋላ ልመለስ።

እህቴን እታለም እላት ነበር። እናታችን የሞተችው እኔ ጡት በተውኩ ዓመት ነው። እናቴ ማን ናት ቢሉኝ የማስታውሰው የእታለምን ጀርባ ነው። በኋላ እሷ ደብረ ማርቆስ ገብታ ከአንድ የጽሕፈትና የኢንተርኔት ቤት ተቀጠረች። ማመልከቻ ትተይባለች፣ ፎቶ ኮፒ ታነሣለች፣ ውጤት ለማየት የሚመጡ ተማሪዎችን ትረዳለች። እኔንም ወስዳ በተከራየናት አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ አስተማረችኝ። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረስኩት በሷ ነው።

አባቴ ስኳር እንዳለባቸው የታወቀው ያኔ ነው። ዐይናቸው ደክሞ ነበር። ከሐኪም ቤት ወጥተው እታለም ዘንድ መጡና የተሰጣቸውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ሐኪሙ ነገረኝ» አሉ። «ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረኝ።»

ይህ ለሌላ ሰው ምንም አይደለም። አባቴ ግን አንድ ጊዜ ብቻ የተነገረን ነገር እንደ ትምህርት አይቆጥሩትም። እሳቸው የሚያውቁትን ሁሉ ያወቁት ሰምተው፣ ደግመው፣ መምህራቸው ፊት ቆመው አሰምተው ነው። እታለም ኢንተርኔቱን ከፈተች። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ቀስ እያለች ወደ አማርኛ እየመለሰች ታነብላቸው ጀመር። አባቴ አቋረጧት።

«ይህን የጻፈው ማነው?»

«ሐኪሞች ናቸው አባ።»

«መምህራቸውስ?»

«መምህራቸውን አይጽፉም።»

«ከማን እንደተማረ የማይናገር ሰው ቃል እንዴት ይታመናል?»

እታለም ትንሽ አሰበች። «እኔ ከሦስት ቦታ ነው የማየው። ሦስቱም አንድ ካሉ አነብልዎታለሁ። ካልተስማሙ እተወዋለሁ።»

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዲህ ከሆነ ደግ። መምህሬ አንቺ ነሽ።»

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እታለምም ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

ከዚያ በኋላ በየወሩ ለክትትል ሲመጡ ስልካቸውን ትቀበላቸውና ያነበበችውን በድምፅዋ ትቀዳላቸዋለች። ስልኩ እሷ የገዛችላቸው ቁልፍ ያለው ስልክ ነው። በላዩ ላይ የተጻፈውን አባቴ አያነቡትም፣ ቢያዩትም እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ መንገዱን በዜማ አጠኑት። «ማህሉን ተጫን፣ ሦስት ውረድ፣ ወደ ቀኝ እለፍ፣ ማህሉን ተጫን።» አውራ ጣታቸው ከዜማው ጋር ይሄዳል። አንድ ጊዜ እኔ መንገዱን ላሳጥርላቸው ብዬ የድምፅ መቅጃውን ከፊት አመጣሁት። እሳቸው በለመዱት መንገድ ሄደው ሬዲዮ ውስጥ ገቡ። ሁለት ቀን ሙሉ ሬዲዮ ሲጮህባቸው ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ከሮብ ገበያ በሰው ስልክ ደወሉ።

«ቀለሙን ያለ መምህሩ ፈቃድ የለወጠው ማነው?»

ቀለም የሚሉት በቃል የተያዘውን ትምህርት ነው። እታለም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። በሚቀጥለው ሲመጡም ወደ ቦታው መለሰችው።

ሰባት ጊዜ ቀዳችላቸው። ኪኒኑን፣ እግር ስለመታጠብ፣ ስለ ጫማ፣ ስለ መራመድ። በሦስተኛው ላይ ስለ ጣፋጭ ነገር ትናገራለች። «ስኳር፣ ማር፣ ከረሜላ፣ ለስላሳ በአፍዎ እንዳይዞር። አንድም! ይማሉልኝ አባ።» የአባቴም ድምፅ እዚያው ተቀድቷል። «መማል አይገባም። ቃሌን ግን ሰጥቼሻለሁ።» እሷም፣ «ቃልዎ ይበቃኛል» ትላለች። ከኋላ የማተሚያው ማሽን ይሰማል።

ከዚያ ሞተች። ከባሕር ዳር ስትመለስ የተሳፈረችበት መኪና ተገለበጠ። ከዚህ በላይ ልጽፍ ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም።

የጽሕፈት ቤቱ ባለቤት ወንበሯን ለኔ ሰጡኝ። እዚያ ተቀምጬ እውላለሁ። ከኪቦርዱ ቁልፎች ከሁሉ ይልቅ የተፋቀው እሷ ቶሎ ቶሎ የምትመታው ነው፣ ጣቴን እዚያ ላይ ሳሳርፍ ጣቷን የነካሁ ይመስለኝ ነበር። ድምፅዋን ግን መስማት አልቻልኩም። ሰባቱም ተገልብጠው በኔም ስልክ ላይ ነበሩ። አንዱንም አልከፈትኩም። አባቴ ዘንድ ስሄድና ስልካቸውን ሲያነሱ አውራ ጣታቸው «ማህሉን ተጫን» ማለት ሳይጀምር እነሣለሁ። በቅሎዎን ልይ እላለሁ። ውኃ ልቅዳ እላለሁ።  ስመለስ ሁልጊዜ ስልኩ ጋቢያቸው ውስጥ ገብቶ አገኘዋለሁ።

በዚያው ሰሞን ስኳራቸው በኪኒን አልመለስ አለና የኢንሱሊን መርፌ ተጀመረላቸው። መድኃኒቱን እርጥብ አሸዋ በሞላው እንስራ ውስጥ እናኖረዋለን፣ የጮቄ ተራራ ብርድም ያግዘናል። መርፌውን የሚወጋቸው ትልቁ ተማሪያቸው ነው፣ ሐኪም ቤት ሄዶ ተማረ። ነርሷ አባቴንና እኔን አስቀምጣ ደጋግማ ነገረችን።

«እንግዲህ ከዚህ በኋላ ስኳርዎ ከልክ በላይ ብቻ አይደለም፣ ከልክ በታችም ሊሆን ይችላል። ላብ ላብ ካለዎ፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ነገር ከተምታታብዎ ወዲያው ጣፋጭ ይቅመሱ። ከረሜላ ከኪስዎ አይለይ። እምቢ ካሉ ራስዎን ይስታሉ፣ እንደዚያው ሊቀሩም ይችላሉ።»

አባቴ አመሰገኗት። ደጅ ስንወጣ፣

«እህትህ እንዲህ አላለችም» አሉኝ።

«አባ፣ ያኔ መርፌ አልነበረም። እታለም የተናገረችው ስለ ኪኒኑ ጊዜ ነው።»

«አንድም ነው ያለችው። ቃል ሰጥቻታለሁ።»

ወደ ጽሕፈት ቤቱ ተመልሼ ከሦስት ቦታ አየሁ፣ እንደሷ። ሦስቱም ነርሷ ያለችውን አሉ። በስልክ ነገርኳቸው። ደኅና ዋል ብለው ዘጉት።

እንግዲህ ያን ቀን በጉም ውስጥ ዳገቱን ስወጣ በኪሴ ከረሜላ ይዤ ነበር። የተማሪዎቹን ድምፅ ሰምቼ ቆሜ ሳለሁ ከጉሙ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ቄሰ ገበዙ ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ፣ የአባቴም የነፍስ አባት።

«ምነው ቆምክ? ይህ ጉም ሰው ያስቀራል፣ ግባ።»

«ምንድን ነው የሚሉት?»

«የእህትህን ነዋ! የኔታ በቃል ያስጠኑናል። እኔም ሁለተኛው ላይ ደርሻለሁ።»

«እርስዎም ስኳር አለብዎ?»

«እኔስ ደም ብዛት ነው ያለብኝ። ጎበዞቹ ሁሉ ሲያደርሱ እኔ ምን ሆኜ ልቀር ነው?»

«ኔትወርኩ ጠፋ የሚለውንስ?»

ቄሰ ገበዙ ወደ ጎጆው ዞር ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሱ ይቅር ብያቸው ነበር። "ከቀለሙ የሚቀንስ ተማሪ ከኔ አይማርም" ብለው ከመካከል አስነሡኝ። እኔን! በዚህ ሽበት!»

ከሦስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ልስቅ ነበር። ተማሪዎቹ ዝም ብለው እንደነበር ያኔ ነው ያስተዋልኩት። «እሺ፣ መጣ» ካሉ በኋላ አልቀጠሉም።

ጎጆው ውስጥ ገባሁ። አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጠው መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። መቋሚያው ይንቀጠቀጣል። በዚያ ብርድ ፊታቸው በላብ ወዝቷል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። ዐይናቸው ከበሩ ውጭ፣ ከጉሙ ውስጥ የሆነ ነገር ያያል። ልጆቹ የበግ ቆዳ ደበሏቸውን ሰብስበው ትንፋሻቸውን ውጠው ተቀምጠዋል። አጠገቤ ያለው በሹክሹክታ፣

«ተመስጠው ነው። ሲመሰጡ አይነኩም» አለኝ።

እውነቱን ልናገር። ያምሩ ነበር። ጉሙ በበሩ ገብቶ ጉልበታቸውን ሸፍኖታል፣ ከወገባቸው በላይ በደመና ላይ የተቀመጡ ይመስላሉ። ምናልባት እታለምን እያዩዋት ነው ብዬ አሰብኩ። እኔም እንደ ልጆቹ ቆሜ አየኋቸው። ያች የቆምኩባት ጊዜ እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች።

መቋሚያው ወደቀ። ሮጥኩ። ከረሜላውን ገልጬ ወደ አፋቸው ሳስጠጋው ጥርሳቸውን ገጠሙ።

«አባ፣ ይክፈቱ! አባ!»

«ቃል አለብኝ» አሉ፣ በጥርሳቸው መካከል። ሌላውን ሁሉ ረስተው ያችን አልረሷትም።

ቄሰ ገበዙ ከኋላዬ ገብተው የገብስ ቂጣ ቆርሰው አቀበሉኝ። ቂጣ ላይ ቃል የለባቸውምና አፋቸውን ከፈቱ። ሲያላምጡ ጊዜው እንዴት ረዘመ! አንዴ ያላምጣሉ፣ አንዴ ይረሱታል፣ እኔ አገጫቸውን እደግፋለሁ። ቆይተው ቆይተው ዐይናቸው ወደ ቤቱ ተመለሰ። ልጆቹን አዩ፣ እኔን አዩ።

«የት ደርሰን ነበር?» አሉ።

ወደ ደጅ ወጣሁ። ቄሰ ገበዙ ተከተሉኝ። ለመኑኝ ማለት ይቀላል።

«ልጄ፣ አንድ ነገር አድርግ። እኔ ስለ ሕመማቸው ጾሙን ፈታሁላቸው፣ ማልደው ይበላሉ። ይህን ቃል ግን እኔ አልፈታውም። ለኔ አልሰጡኝማ።»

«ለሞተ ሰው የተሰጠ ቃል ማን ይፈታዋል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አሉ። «ሁለተኛው ላይ ነኝ ብዬሃለሁ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ነገር ይዤ ሄድኩ። በስልኬ የራሴን ድምፅ ቀድቼ ነበር። እኔ ስናገር ቃል ይይዘኛል፣ በተለይ በከ እና በቀ። አሥር ጊዜ ያህል ነው የቀዳሁት፣ የመጨረሻው ይሻላል ብዬ ወሰድኩት። ለአባቴ አሰማኋቸው። ጨርሰው ሰሙኝ።

«ይህ ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ አባ።»

«እሱንማ ሰማሁ። ከማን ተማረ ነው የምልህ።»

«ከነርሷ። ከኢንተርኔቱ። እንደ እታለም ከሦስት ቦታ አይቼ...»

«ከእህትህስ?»

ስልኬን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ።

አባቴ ስልኬን መለሱልኝ። ድምፃቸው ቁጣ የለውም፣ ተማሪ የሚያናግሩበት ድምፅ ነው። «የሷን ሳትቀበል በሷ ላይ አትጨምርም። ሰባቱን በቃልህ ይዘህ ና፣ ፊቴ ቆመህ አድርስ። ያኔ የምትለውን እሰማሃለሁ።»

«አባ፣ እስከዚያ ቢሞቱስ?»

«እንግዲህ ቶሎ ተማራ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ያሉትን ቀናት አሁን ሳስባቸው በሕልም የኖርኩባቸው ይመስለኛል። ጠዋት ጽሕፈት ቤቱ ሳይከፈት በፊት ወደ ከተማው ዳር እሄዳለሁ፣ ባሕር ዛፎቹ ወዳሉበት። የመጀመሪያውን ቀን ስልኩን በእጄ ይዤ ቆሜ ተመለስኩ። በሁለተኛው ቀን ተጫንኩት። «አባ፣ ይስሙኝ» አለች። ዛፎቹ መካከል ተቀመጥኩ። እሷ ኪኒኑን ትናገራለች፣ እኔ ኪኒኑን አልሰማም፣ ምራቋን ስትውጥ እሰማለሁ፣ ወንበሯ ሲጢጥ ሲል እሰማለሁ። አሁን እኔ የምቀመጥበት ወንበር ነው። ሲጢጥ ሲል አውቀዋለሁ።

ኔትወርኩ የጠፋ ጊዜ ዝም ትላለች። ያን ዝምታ ከቃሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ ሰማሁት። ዝምታው ውስጥ መንገድ ላይ የሚያልፍ ጋሪ አለ፣ የፈረሱ ኮቴ ከሩቅ ይመጣል፣ ይሄዳል። እሷ ምንም ሳትል እዚያ አለች። «እሺ፣ መጣ» እስክትል ድረስ አለች። አባቴ ተማሪዎቹን ለምን በዚያ ቦታ ዝም እንደሚያሰኟቸው ያኔ ገባኝ።

ቀስ በቀስ ቃሉ መያዝ ጀመረ። መንገድ ስሄድ እላለሁ፣ ፎቶ ኮፒ ሳነሣ እላለሁ። አንዲት ደንበኛ ወረቀቷን ስሰጣት፣ «የእግርዎን ጣት መካከል እያደረቁ» ብያት ደንግጣ አየችኝ። አራተኛውን ጨርሼ አምስተኛው ላይ ደረስኩ። አምስተኛው ስለ ጫማ ነው። ባዶ እግር አይሂዱ፣ ጫማ ከማጥለቅዎ በፊት ውስጡን በእጅዎ ይዳብሱ ትላለች። መካከል ላይ በር ይከፈታል።

«እታለም፣ ቁ... ቁ... ቁልፉን የት አደረግሽው?»

እኔ ነኝ። ከትምህርት ቤት መጥቼ ነው። ያን ቀን አላስታውሰውም፣ እንደዚያ ያለ ቀን ብዙ ነበር። እሷ ወደ እኔ ስትዞር ድምፅዋ ትንሽ ይርቃል።

«ኪሴ ውስጥ ነው፣ ና ውሰድ። ምሳህን ከድስቱ አውጣ፣ ሁሉንም እንዳትጨርሰው!» ትላለች። ከዚያ ወደ አባቴ ተመልሳ፣ «ልጅዎ ነው፣ ሆዳሙ» ትላለች፣ አባቴም ይስቃሉ።

ስልኩን አጥፍቼ ብዙ ጊዜ እዚያው ተቀመጥኩ። ያን ቀን ሥራ አልገባሁም።

የሄድኩት እሑድ ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ። ጉም አልነበረም፣ የጮቄ ተራራ እስከ ጫፉ ጥርት ብሎ ይታያል። አባቴ ጎጆው ደጃፍ ዋንዛው ሥር ተቀምጠዋል። ተማሪዎቹ ዙሪያውን ናቸው፣ ቄሰ ገበዙም ከመካከላቸው እንደ ተማሪ እግራቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል።

«ቁም» አሉኝ አባቴ። ቆምኩ። ዐይናቸውን ጨፈኑ።

ጀመርኩ። ይገርማል፣ በሷ ቃል ስናገር ምላሴ አይያዝም ነበር። አንደኛውን አደረስኩ። ኔትወርኩ ሲጠፋ ዝም አልኩ፣ ጋሪው እስኪያልፍ ጠበቅሁ፣ «እሺ፣ መጣ» አልኩ። የአባቴ ጣት መቋሚያው ላይ አንድ ጊዜ መታ፣ ልክ ነው ማለታቸው ነው። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። «ይማሉልኝ አባ» ስል አባቴ ዐይናቸውን ሳይገልጡ የራሳቸውን ቃል መለሱ። «መማል አይገባም። ቃሌን ግን ሰጥቼሻለሁ።» እንደ ተቀዳው፣ በዚያው ድምፅ። አራተኛውን።

አምስተኛው ላይ ጫማውን አልኩ። መዳበሱን አልኩ። በሩ የሚከፈትበት ቦታ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። የሷን ቃል ሁሉ ልል እችላለሁ፣ የኔን ግን እንዴት እላለሁ? እሷ የማትመልስልኝን ጥያቄ እንዴት እጠይቃለሁ? 

ማንም አላረመኝም። ከዚያ አንዱ ትንሽ ተማሪ ከኋላ ጀመረው፣ ሌሎቹም ተቀበሉት።

«እታለም፣ ቁ... ቁ... ቁልፉን የት አደረግሽው?»

ሃያ ልጆች፣ በሦስተኛው ቁ ላይ በአንድነት። አንዳቸውም አልሳቁም። መንተባተቤን እንደ ዜማ ይዘውታል፣ የት ላይ እንደሚያዝ፣ የት ላይ እንደሚለቅ። እኔ ሳልሰማት የቆየሁትን ያህል እነሱ ሁለታችንንም በየቀኑ ይሉን ኖሯል።

አባቴ ዐይናቸውን ገለጡ። «መልስላት እንጂ» አሉኝ።

«ኪሴ ውስጥ ነው፣ ና ውሰድ» አልኩ። ለራሴ እንዲያ አልኩ፣ በሷ ቃል። ምሳውንም አልኩ፣ ሆዳሙንም አልኩ። አባቴ በቦታው ሳቁ። ሳቃቸው ያው ነበር፣ ጉንጫቸው ግን እርጥብ ነበር። ስድስተኛውንና ሰባተኛውን እንዴት እንደጨረስኩ አላስታውስም።

«አድርሷል» አሉ አባቴ ለተማሪዎቹ። ከዚያ ወደ እኔ፣ «እንግዲህ የምትለውን በል። ከእህቱ የተማረ ሰው ነው የሚናገረው።»

 ስልክ አላወጣሁም። በአፌ ነው ያልኩት።

«አባ፣ ይስሙኝ። መርፌ ከተወጉ በኋላ ላብ ላብ ካለዎ፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ነገር ከተምታታብዎ ከ... ከ... ከረሜላ ይቅመሱ። ወዲያው። ከዚያ በኋላ ቂጣ ይብሉ። እታለም አንድም ያለችው ለኪኒኑ ጊዜ ነው። ብትኖር ይህን ትነግርዎ ነበር።»

 ቄሰ ገበዙ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። «ደግሞ» አሉኝ። ሦስት ጊዜ አልኩት። በሦስተኛው ከከንፈሬ ጋር ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

«ስምንተኛው ይኸ ነው» አሉ ለተማሪዎቹ። «ተቀበሉ።»

ቄሰ ገበዙ ወደ ሰማይ አዩ። «እኔ ገና ሁለተኛው ላይ ነኝ!» አሉ።

ከዚያ ስንት ጊዜ እንዳለፈ በውል አልቆጠርኩም። ክረምቱ ወጥቶ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንደገና በጉም ውስጥ ዳገቱን ወጥቼ ተማሪዎቹ ኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። አባቴ ግእዙን ያስቀጽላሉ፣ እሳቸው እያሉ ልጆቹ ይቀበላሉ። ድምፃቸው መካከል ላይ ዘገየ። መቋሚያው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልነሣ ስል አንዱ ተማሪ ጉልበቴን ያዘኝ። ልጆቹ የሚያዩት የአባቴን ፊት አልነበረም፣ እጃቸውን ነበር።

እጃቸው ወደ ጋቢያቸው ጫፍ ሄደ። ጫፉ ላይ ቋጠሮ አለ። በዚያ በሚንቀጠቀጥ ጣት ቋጠሮውን ፈቱት፣ ወረቀቱን ላጡት፣ ቀስ ብለው። ከዚያ ለራሳቸው፣ ተማሪ እንደሚያደርስ አድርገው አሉት።

«ከ... ከ... ከረሜላ ይቅመሱ። ወዲያው።»

ልጆቹም ዝቅ ባለ ድምፅ ተቀበሏቸው። «ከ... ከ... ከረሜላ ይቅመሱ። ወዲያው።»

አፋቸው ውስጥ አደረጉት። ከዚያ ሁላችንም ዝም አልን። ጉሙ በበሩ ይገባል። ከረሜላው ጥርሳቸውን ሲነካ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል። ከሩቅ፣ ከሮብ ገበያ መንገድ በኩል፣ የሆነ ፈረስ ኮቴ መጣና አለፈ። ላባቸው ፊታቸው ላይ ቀዘቀዘ፣ መቋሚያው ቀስ በቀስ እየረጋ ሄደ። ዐይናቸው ከሄደበት ተመልሶ ልጆቹን አንድ በአንድ አየ፣ ከኋላም እኔን አገኘኝ።

«እሺ» አሉ አባቴ። «መጣ።»